ልጅቷ ለምን ትንሳፈፋለች? ቤት-ሠራሽ ጌሞችን ስለማሻሻል

ከሰሜን ሆቴል ተነሥቶ ሽቅብ ወደ አዲሱ ገበያ የሚያቀና መንገደኛ ዋናውን አስፋልት ለቆ ወደ ውስጥ ቅያሶች በገባ ቁጥር ጌም ቤት አያጣም። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ልጆች። ሒሳቡ በግጥሚያ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቆያል። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእነዚህ በሮች በአንዱ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ተራ ለሚጠብቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ከኪሴ ያወጣኋትን ትንሽ መሣሪያ ሰጠሁት። መሣሪያዋን የሠሯት በስሌታዊ ፊዚክስ ኮርስ ያስተማርኳቸው ሦስት ተማሪዎች ናቸው፤ በውስጧም ራሳቸው የጻፏቸው ሁለት ጌሞች ነበሩ፦ ሰኞ ማክሰኞና ገበጣ። ተማሪዎቹ ለፕሮጀክታቸው ጥሩ ውጤት ጠብቀው ነበር፤ እኔም ልሰጣቸው አስቤ ነበር።

ልጁ መሣሪያዋን የያዛት አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። መጀመሪያ «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ለምንድን ነው የምትንሳፈፈው?» አለኝ። ቀጥሎ አውራ ጣቱን እያሳየ «ነክቼዋለሁ እኮ!» ሲል አማረረ። ወደ ገበጣው ሲሻገር ደግሞ «አጭበረበረኝ» አለና መሣሪያዋን በአክብሮት መልሶልኝ ወደ ተራው ተመለሰ።

እነዚህ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ከዚያ በፊት ፕሮጀክቱን ከገመገምነው መምህራን ሁሉ አስተያየት የበለጠ ይዘት ነበራቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በቅሬታዎቹ ውስጥ የተደበቀውን ፊዚክስ ለአንባብያን ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያዋ ጥቂት እንበል። በገበያ ላይ የሚገኙት ታዋቂ የእጅ ጌም መሣሪያዎች በአብዛኛው የተቆለፉ ናቸው፤ አምራቹ ያልፈቀደው ፕሮግራም በላያቸው አይሠራም። ከዚህ በተቃራኒ ማንም ሰው የራሱን ጌም ጽፎ እንዲጭንባቸው ሆን ተብሎ ክፍት የተደረጉ መሣሪያዎች አሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ኮርያ የወጣው ጂፒ2ኤክስ ነው፤ በሊነክስ ይሠራ ነበር፣ እያንዳንዳቸው በ200 ሜጋኸርትዝ የሚሠሩ ሁለት የአርም ማዕከላዊ አንጎሎች ነበሩት፣ ኃይሉንም ከሁለት ተራ የድንጋይ ባትሪዎች ያገኝ ነበር። የዓለም አማተር ፕሮግራመሮች ለእርሱ እጅግ ብዙ ጌሞችን ጻፉ። ጥራታቸው ግን ከሰማይ እስከ ምድር የተራራቀ ነበር፤ ቤት-ሠራሽ ጌም የሚባለው ነገር እስከ ዛሬ የሚታማውም በዚሁ ነው።

ተማሪዎቼ የመረጡት ግን ከዚያ በጣም ያነሰውን አርዱቦይን ነው። ኬቨን ቤትስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2014 ቴትሪስ የሚያጫውት የስም ካርድ ሠርቶ ካሳየ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ወደ ምርት የገባ፣ የባንክ ካርድ የሚያክል መሣሪያ ነው። የኤሌክትሪክ ንድፉም ሆነ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍቱ ለማንም ክፍት ነው። በመሆኑም ያንኑ ማይክሮፕሮሰሰር የያዘ የአርዱዊኖ ሰሌዳ፣ አነስተኛ ስክሪን፣ ስድስት አዝራሮችና አንድ ድምፅ ማሰሚያ ያለው ሰው ብየዳ ከቻለ በራሱ ሊሠራው ይችላል። የእኛዋም የተሠራችው እንዲሁ ነው። መሣሪያው የሌለው ተማሪ እንኳ በኮምፒውተር ላይ በሚሠራ አስመሳይ ፕሮግራም ጌሙን መጻፍና መሞከር አያቅተውም።

አቅሟን በቁጥር እንመልከት። ማይክሮፕሮሰሰሩ ባለ 8 ቢት ሲሆን በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ለፕሮግራም የሚሆነው ቦታ 32 ኪሎባይት ነው፤ ከእርሱም ላይ 4ቱን የማስነሻው ፕሮግራም ይወስዳል። ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው 2.5 ኪሎባይት ብቻ ነው። ስክሪኑ በወርድ 128፣ በቁመት 64 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል፣ ሌላ ቀለም የለውም። ነጥቦቹ ሲባዙ 8,192 ቢት፣ ማለትም 1 ኪሎባይት ይሆናሉ። ስለዚህ የስክሪኑ ምስል ብቻውን ከማኅደረ ትውስታው 40 በመቶውን ይወስዳል። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ የሚያነሣው አንድ ፎቶግራፍ ከዚህች መሣሪያ ጠቅላላ ቦታ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለማስተማር ግን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም፤ ምክንያቱም ስሕተት የሚደበቅበት ቦታ የለም።

አሁን ወደ ልጁ ቅሬታ እንመለስ።

ሰኞ ማክሰኞ በምትጫወተው ጌም ውስጥ ያለችው ልጅ ቁመቷ 16 ነጥብ ነው። ተማሪዎቹ የፊዚክስ ተማሪዎች እንደመሆናቸው መጠን የምድርን ስበት በትክክል ለማስገባት ወሰኑ። የልጅቷን ቁመት 1.4 ሜትር ብለው ወሰዱ፤ እንግዲህ አንዱ ነጥብ 8.75 ሳንቲሜትር ማለት ነው። የስበት ፍጥንጥነት 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ለዚህ ሲካፈል 112 ነጥብ በሰከንድ ካሬ ይመጣል። ልጅቷ ከሣጥን ወደ ሣጥን ስትዘል በግልጽ እንድትታይ 12 ነጥብ ያህል ከፍ እንድትል አደረጉ። ስሌቱ አንድም ጉድለት የለበትም፤ ልጁ ግን «ትንሳፈፋለች» አለ። ትክክሉ ልጁ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት 12 ነጥብ በሜትር ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል፦ 1.05 ሜትር። እንደዚህ የምትዘል ልጅ በጉለሌም ሆነ በሌላ የዓለም ክፍል የለችም። ከፍታው h ከሆነ ጫፍ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ የ2h/g ካሬ ሥር ስለሆነ፣ ልጅቷ ለመውጣት 0.46 ሰከንድ፣ ወጥታ ለመውረድ 0.93 ሰከንድ ትፈጃለች። የተመልካቹ አእምሮ ግን የሚያውቀው የልጆችን እውነተኛ ዝላይ ነው፤ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ይህን የተለመደ ከፍታ በ0.46 ሰከንድ የሚያስወጣ ስበት 2.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። በጨረቃ ላይ ያለው 1.6፣ በማርስ ላይ ያለው 3.7 መሆኑን ካስታወስን፣ ልጁ ያየው ምን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል፤ ሰኞ ማክሰኞው የሚካሄደው ከጨረቃና ከማርስ መካከል ባለ አንድ ያልታወቀ ዓለም ላይ ነበር።

እውነተኛውን ከፍታ እንጠቀም ብንልስ? 30 ሳንቲሜትር ከሦስት ነጥብ ትንሽ ይበልጣል፤ በዚህ ስክሪን ላይ ዝላይ ሳይሆን መደናቀፍ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ጌም ሠሪ ሁሉ ሳይወድ በግድ የሚያደርገው ስበቱን ማጋነን ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ እንደ ማጭበርበር ቆጥረውት ነበር። እኔ ግን የሚዛን ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ርዝመቱን ያጋነነ ሰው ጊዜውን እንደነበረ ለማቆየት ከፈለገ ፍጥንጥነቱንም በዚያው ልክ ማጋነን አለበት። ይህ ከማንኛውም የፊዚክስ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ የሚገኝ የመለኪያ አሐዶች ትንተና ነው።

ጥሩው ዘዴ ከስበት አለመነሣት ነው። ንድፍ አውጪው በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን ይወስን፦ ዝላዩ ስንት ነጥብ ከፍ ይበል? ጫፍ ለመድረስስ ስንት ፍሬም ይፍጅ? (ፍሬም የምንለው ስክሪኑ አንድ ጊዜ የሚታደስበትን ጊዜ ነው፤ በእኛ መሣሪያ የሰከንድ አንድ ስልሳኛ።) ከዚያ የመነሻው ፍጥነት 2h/t፣ ስበቱ 2h/t² ይሆናል። ለ12 ነጥብና ለ15 ፍሬም ፍጥነቱ 1.6 ነጥብ በፍሬም፣ ስበቱ 0.107 ነጥብ በፍሬም ካሬ ይመጣል። ይህ ከተማሪዎቹ «እውነተኛ» ስበት 3.4 እጥፍ ነው። ሊቃውንቱ ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ውስጥ ማሪዮ አዝራሩ ተጫን እንዳለ ሲወጣ የሚስበው ስበትና ሲወርድ የሚስበው ስበት እኩል አይደሉም፤ የሚወርደው በርትቶ ነው። በተፈጥሮ ዘንድ እንዲህ ያለ ስበት የለም፤ ለእጅ ግን ደስ ይላል።

እዚህ ላይ የቁጥር አጻጻፍ ጉዳይ ይመጣል። የእኛ ማይክሮፕሮሰሰር አስርዮሽ ቁጥሮችን የሚያሰላ ክፍል የለውም። 0.107 እና 1.6ን ማባዛት ቢያስፈልገው ሥራውን በፕሮግራም እያስመሰለ ነው የሚሠራው፤ አንዷ ብዜት ከመቶ በላይ የሰዓት ምት ትወስዳለች። ሁለት ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥሮችን መደመር ግን ቁጥሮቹ በአንጎሉ መዝገቦች ውስጥ እስካሉ ድረስ 2 ምት ብቻ ነው። ጂፒ2ኤክስም እንኳ በ200 ሜጋኸርትዙ ይኸው ጉድለት ነበረበት፤ ከኮምፒውተር ተገልብጠው የተጫኑበት ብዙ ጌሞች የሚንገታገቱትም በከፊል ስለዚህ ነው።

መፍትሔው ሱቅ ውስጥ ያለ ነው። ባለሱቅ ሒሳቡን በሳንቲም ቢይዝ የብር ክፍልፋይ አያስፈልገውም። እኛም ቦታን በነጥብ ሳይሆን በነጥብ ስልሳ አራተኛ እንቆጥራለን። 1.6 ነጥብ 102 ይሆናል፣ 0.107 ደግሞ 7። ለማሳየት ሲፈለግ ለ64 ይካፈላል፤ ይህም በሁለትዮሽ ስድስት ቢት ወደ ቀኝ ማሸጋሸግ ብቻ ነው። ለምን 64? ተማሪዎቹ መጀመሪያ 256ን መርጠው ነበር፤ ጥራቱ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ባለ 16 ቢት ቁጥር ከ −32,768 እስከ 32,767 ብቻ ስለሚይዝ፣ ለ256 ሲካፈል የሚቀረው ከ −128 እስከ 127 ነጥብ ነው። የስክሪኑ ወርድ 128! ልጅቷ በቀኝ ጠርዝ አንዲት ነጥብ እንዳለፈች ከግራው ጠርዝ በስተጀርባ 128 ነጥብ ርቃ ትገኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ «ልጅቷ ጠፋች» እያሉ ሲፈልጓት ከርመዋል። በ64 ሲሆን ግን ከ −512 እስከ 511 ስለሚደርስ ዓለሙ ሰፊ ነው፣ ጥራቱም ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር እኔን ራሴን ያስገረመኝ ነው። በየፍሬሙ የሚሠሩ ሁለት መስመሮች አሉ፦ ፍጥነቱ ላይ ስበቱን መቀነስ፣ ቦታው ላይ ፍጥነቱን መደመር። የትኛው ይቅደም? ቦታው ከቀደመ ከፍተኛው ከፍታ 795 ስልሳ አራተኛ፣ ማለትም 12.4 ነጥብ ይሆናል። ፍጥነቱ ከቀደመ 693፣ ማለትም 10.8 ነጥብ። በወረቀት ላይ የሚሠራው ቀመር v²/2g ግን 11.6 ይሰጣል። ሁለቱም መስመሮች ትክክል ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው የተለየው፤ ልዩነቱ ግን ከነጥብ ተኩል በላይ ነው። ልጅቷ በሣጥኑ መስመር ላይ ታርፍ ወይም አታርፍ እንደሆነ የሚወስነውም ይህ ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1768 ባሳተመው የካልኩለስ መጽሐፍ የሚገኘው ነው። ችግሩ ከፍታው ብቻ አይደለም። በሰኞ ማክሰኞው የሚወረወረው ጠፍጣፋ ድንጋይ መሬት ሲነካ በግማሽ ፍጥነት እንዲነጥር ተደርጎ ነበር፤ መነጠሩ ግን ማቆም አቃተው። ትንሽ እየተንቀጠቀጠ ሣጥኑ ውስጥ ለዘላለም ይኖራል። እርሳስና ወረቀት ያዙና አስሉት፦ ቦታን አስቀድሞ የሚያሰላው ዘዴ ድንጋዩ ተነሥቶ ወደዚያው ከፍታ ሲመለስ ከተነሣበት ፍጥነት ላይ አንድ የፍሬም ስበት ጨምሮ ያወርደዋል። ግጭት የሌለው ኳስ ቢሆን በየንጥረቱ እያደገ ከስክሪኑ ጣራ በላይ በወጣ ነበር፤ የኃይል ጥበቃ ሕግ በሁለት መስመር ፕሮግራም ተሻረ ማለት ነው። ፍጥነቱ በየንጥረቱ በግማሽ ሲቀነስ ደግሞ ጭማሪውና ቅነሳው የሚተካከሉበት ቦታ በግምት አንድ የፍሬም ስበት ላይ ነው፤ የድንጋዩ መንቀጥቀጥ ይህ ነው። ፈውሱ ቀላል ነው፦ የፊተኛውንና የኋለኛውን ፍጥነት አማካይ ወስዶ ቦታው ላይ መደመር። ስበቱ ቋሚ እስከሆነ ድረስ ይህ ግምት ሳይሆን ፍጹም ትክክል ነው፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪም ሊያረጋግጠው ይችላል።

«ነክቼዋለሁ እኮ!» የሚለው ቅሬታ ሁለት ምንጮች ነበሩት። አንደኛው የጊዜ አያያዝ ነው። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ «20 ሚሊሰከንድ ጠብቅ» ይላል። ሥራው 5 ሚሊሰከንድ ሲፈጅ ዙሩ 25፣ 13 ሲፈጅ ደግሞ 33 ይሆናል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ብዙ ነገር በታየ ቁጥር ልጅቷ ትዘገያለች፣ ባዶ ሲሆን ትፈጥናለች። የተጫዋቹ ጣት የለመደው ምት ይሰበራል። ትክክለኛው አሠራር ሥራው ሲያልቅ መጠበቅ ሳይሆን ቀጣዩ ፍሬም የሚጀምርበትን ሰዓት አስቀድሞ መመዝገብና እስከዚያ መጠበቅ ነው፤ የፒያሳ ታክሲ ተራ አስከባሪ ሳይሆን የባቡር ጣቢያ ሰዓት። በ60 ፍሬም ሒሳብ ለአንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 266,667 የሰዓት ምቶች አሉን። ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ለመላክ 8,192 ቢት በ8 ሚሊዮን ቢት በሰከንድ ሲካፈል 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ይፈጃል። አስርዮሽ ስሌቶቹ ከተወገዱ በኋላ ትርፍ ጊዜ ነበረን።

ሁለተኛው ምንጭ የባሰ ነው። ልጅቷ ስታርፍ ጉልበቷን የምታጥፍበት 12 ፍሬም የሚፈጅ ትዕይንት አለ፤ ውብ ነው፣ ከተማሪዎቹ አንዷ ሌሊት ቁጭ ብላ የሳለችው ነው። ትዕይንቱ እስኪያልቅ ድረስ ግን ፕሮግራሙ አዝራሮቹን አያይም። ለ200 ሚሊሰከንድ መሣሪያዋ ደንቆሮ ናት ማለት ነው። ምት የለመደ ተጫዋች ደግሞ አዝራሩን የሚነካው ልጅቷ ካረፈች በኋላ ሳይሆን ልታርፍ ስትል ነው። ተማሪዋ ትዕይንቱን እንድትሰርዘው የጠየቋት ነበሩ፤ አልተሰረዘም። የተደረገው አዝራሮቹን በእያንዳንዱ ፍሬም ማንበብና የዝላይ ትእዛዝ ካለጊዜው ከመጣ ለ6 ፍሬም፣ ማለትም ለሰከንድ አንድ ዐሥረኛ፣ በአደራ ማስቀመጥ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጅቷ መሬት ከነካች የጉልበቱ ትዕይንት ተቋርጦ ትዕዛዙ ይፈጸማል። ከሣጥኑ ጠርዝ ወርዳ ከሆነም ለጥቂት ፍሬሞች ገና እንደቆመች ትቆጠራለች። ተጫዋቹ ይህ ሁሉ ምሕረት እንደተደረገለት አያውቅም፤ የሚያውቀው መሣሪያዋ እንደታዘዘችው ብቻ ነው።

የገበጣው ጉዳይ ከፊዚክስ ይልቅ ስለ ሰው ነው። በሁለት ረድፍ ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ አራት ጠጠር፣ በጠቅላላው 48፤ ሁሉም በ12 ባይት ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ስሕተት አልነበረበትም። ነገር ግን የኮምፒውተሩ ተራ ሲደርስ ጠጠሮቹ ሁሉ በአንድ ፍሬም ውስጥ ቦታቸውን ይይዙ ነበር። ልጁ ያየው ጉድጓዱ በቅጽበት ባዶ ሲሆን ነው፤ እጅ ሲዘራ አላየም፣ አልቆጠረም። «አጭበረበረኝ» ማለቱ እንግዲህ ተገቢ ነው። በገበጣ ተቀናቃኝን መቁጠር የጨዋታው ግማሽ ነው። አሁን እያንዳንዱ ጠጠር በ8 ፍሬም ልዩነት አንድ በአንድ ይወድቃል፣ ሲወድቅም ቀጭ ይላል። ረጅም ዙር ሲሆን እንዳያሰለች ከስድስተኛው ጠጠር በኋላ ይፈጥናል።

ስለ ቀጭታው ካነሣን፦ ይህን የመሰለ ትንሽ የፒዬዞ ማሰሚያ ከጥቂት ሺህ ኸርትዝ በታች ድምፁ እጅግ ይደክማል። ተማሪዎቹ በትዝታ ቅኝት የጻፏት አጭር ዜማ በ262፣ 294፣ 330፣ 392 እና 440 ኸርትዝ ስትጫወት እንደ ትንኝ ነበረች፤ አንድ ኦክታቭ ከፍ ስትል ትሰማ ጀመር። የመሰንቆ ጆሮ ያለው ሰው በእነዚህ በእኩል በተከፋፈሉ ድምፆች እንደማይረካ አውቃለሁ።

ፊደላችንም የራሱን ዋጋ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያ ፊደል ቦታ አግኝቷል፤ ይህች መሣሪያ ግን ዩኒኮድን አታውቅም፣ ለላቲን ፊደል የተሰጣትም 5 በ7 ነጥብ ነው። በዚህ ስፋት «ሐ»ን ከ«ሕ»፣ «ጨ»ን ከ«ጩ» መለየት የሚችል ዓይን የለም። በወርድ 12፣ በቁመት 16 ነጥብ ከሰጠን ያምራል፣ ሆኖም አንዱ ፊደል 24 ባይት ይወስዳል፤ 33ቱን በ7 ብናበዛቸው 231 ፊደላት፣ 5,544 ባይት። ከ28 ኪሎባይት አንድ አምስተኛው ማለት ይቻላል። ተማሪዎቹ ይህን አይተው ጌሙን በእንግሊዝኛ ሊያደርጉት ወስነው ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ጌሙ ውስጥ ያሉትን ቃላት በሙሉ ሰብስበው የተጠቀሙባቸውን ፊደላት እንዲቆጥሩ ነገርኳቸው፤ 60 እንኳ አልሞሉም። ለእነርሱ ብቻ ቅርጽ ሲሳል ከ1,440 ባይት በታች ሆነ።

በስልክ ጌሞች ረገድ በአገራችን የተሻለ ተሞክሮ አለ። በአዲስ አበባ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ኩኩሉ፣ ለበዓል ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበት ጌም ነው፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥተዋል። ተማሪዎቼ ኩኩሉን እንዲጫወቱ አዝዣቸው ነበር፤ እንዲዝናኑ ሳይሆን ዶሮዋ ስትዘል ስንት ፍሬም እንደምትቆይ በስልክ ቪዲዮ ቀርጸው እንዲቆጥሩ። ይህ ሥራ ለማንኛውም አንባቢ የሚመከር ነው፤ የሚወዱትን ጌም ቀርጸው፣ ፍሬም በፍሬም እያዩ፣ ቦታውን በጊዜ ላይ በግራፍ ወረቀት ቢነድፉት የጌም ሠሪውን ስበት ያገኙታል።

ሦስቱ ተማሪዎች በሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ ከእኔ ጋር ወደ አዲሱ ገበያ መጡ። አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጠኋቸው፦ አፋችሁን አትክፈቱ። አንድ ሰው የሠራውን ጌም ሌላ ሰው ሲጫወት ማየት ከባድ ነገር ነው፤ «እዚያ ጋ ንካው» ማለት ያምራል። ያን ጊዜ ግን የተፈተነው ጌሙ ሳይሆን ማብራሪያው ይሆናል። ደግሞም ማብራሪያው ከመሣሪያዋ ጋር አይሸጥም። ዝም ብለው ቆመው፣ ልጆቹ የት ላይ ቅንድባቸውን እንደሚሰበስቡ፣ የትኛውን አዝራር ሁለት ጊዜ እንደሚነኩ በደብተር ጻፉ።

ያ የመጀመሪያው ልጅ ሰኞ ማክሰኞውን እስከ ቅዳሜ ደረሰ። ስለ መንሳፈፍ ምንም አላለም፤ ጓደኞቹ ከትከሻው በላይ አንገታቸውን አስግገው ነበር። የጌም ቤቱ ተራው ሲደርስም «ትንሽ ቆይ» ብሎ ለሌላ ልጅ አሳለፈው። ከተማሪዎቹ አንዱ ደብተሩ ላይ ያሰፈረው ይህችን ብቻ ነበር፦ «ተራውን ለቀቀ»።

ቀጥሎ ገበጣውን ከፈተ። ጠጠሮቹ አንድ በአንድ ሲዘሩ በከንፈሩ እየቆጠረ ተከተለ፣ ሁለት ጊዜም አሸነፈ። በሦስተኛው ላይ ግን ቆመና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የእኛ ቤት ሕግ አይደለም። አያቴ ከጎጃም ነች፤ እሷ ስትጫወት የመጨረሻው ጠጠር ያረፈበትን አንሥታ ትቀጥላለች» አለኝ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጽሑፍ የሰበሰቧቸው የአጨዋወት ዓይነቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ባለ ሁለት ረድፍም ባለ ሦስት ረድፍም አለ፣ ከአገር አገር፣ ከመንደር መንደርም ይለያያሉ። ተማሪዎቼ የመረጡት ከእነዚያ አንዱን ነበር፤ ለዚያውም ከኢንተርኔት ያገኙትን።

በዚያው ምሽት መነሻ ሰሌዳው ላይ «የማን ሕግ?» የሚል ጥያቄ ተጨመረ። ለመልሱ ሦስት አዳዲስ ፊደላት ያስፈልጉ ነበር፤ 72 ባይት። ለአያቲቱ ሕግ የሚሆነው ቦታ አለ፤ የቀረው እርሳቸው ዘንድ ሄዶ መጫወት ነው፤ ልጁም ለመጪው ቅዳሜ ቀጥሮናል።